እግር ይያዝ፣ እጅ ይምራ፦ ኮረኮንችና ጭቃ ላይ ሞተር መንዳት ለሚጀምር ሰው ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያ ቀኔን የማስታውሰው በውኃ ጠርሙስ ክዳን ነው። ድንጋይና ጭቃ ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ነድቼ ወረድኩ። ጉሮሮዬ ደርቋል። ጠርሙሱን አነሳሁ፤ ክዳኑ አልከፈት አለኝ። ጣቶቼ መንቀጥቀጥ እንጂ መጭመቅ አልቻሉም። በመጨረሻ በጥርሴ ከፈትኩት። ጓደኛዬ ከት ብሎ ሳቀና፣ «ሞተሩ አይደል እንዴ የሚሄደው? አንተን ምን አደከመህ?» አለኝ።

ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። የደከምኩት የእግሬን ሥራ ለእጄ ሰጥቼው ስለዋልኩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ ልምምዱም አቋቋሙም መታጠፉም፣ ሥራውን ለባለቤቱ የመመለስ ጉዳይ ነው።

ድካሙ ከየት ይመጣል?

ሙሉ መጠን ያለው የሞቶክሮስ (ከአስፋልት ውጭ፣ በአፈርና በኮረብታ ላይ የሚደረግ የሞተር ውድድር) ሞተር ከ100 እስከ 110 ኪሎ ይመዝናል። አስፋልት ላይ ይህ ክብደት አይሰማችሁም። ኮረኮንች ላይ ግን ከእናንተ በታች ሆኖ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ይወራጫል። ጎማዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሄድ እንዲችሉ ተደርገው ነው የተሠሩት። ሞላው ያልዋጠውን ንዝረት ደግሞ አንድ ሌላ ነገር መዋጥ አለበት። ያ ነገር ጉልበታችሁ ነው፤ ካልሆነ ወገባችሁ ነው።

በካናዳ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ይህን ለክተውታል። ከመንገድ ውጭ ሞተር መንዳት ዝም ብሎ ከመቀመጥ 6 እጥፍ ያህል ጉልበት ይፈጃል። ባለ አራት ጎማው ሞተር 3 ተኩል እጥፍ ያህል ነው። 6 እጥፍ ማለት በዝግታ ሶምሶማ የመሮጥ ያህል ነው። ይህ እንግዲህ ለመዝናናት የሚነዳ ሰው ነው። በውድድር ላይ የልብ ምት ከከፍተኛው 90 በመቶ በላይ ወጥቶ እዚያው ይቆያል። በዓለም የሞቶክሮስ ሻምፒዮና አንዱ ፍልሚያ 30 ደቂቃና ተጨማሪ 2 ዙር ነው፤ ያውም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ።

ልብ የሚመታው ግን በሥራው ልክ ብቻ አይደለም። ሁለት ነገሮች ከሚገባው በላይ ያስሮጡታል። አንደኛው ጡንቻን ሳያንቀሳቅሱ ጨምድዶ መያዝ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት። ጀማሪ ሁለቱንም አብሮ ይሠራል፦ መሪውን አንቆ ይይዛል፣ ትንፋሹን ይውጣል። ለዚህ ነው በጂም የፈረጠመ ጎረምሳ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ሲያለከልክ፣ ቀጫጫው ልምድ ያለው ነጂ እየሳቀ የሚያልፈው።

ደረጃ 1፦ ሞተር ከመንካታችሁ በፊት ስድስት ሳምንት

ስድስት ሳምንት ካላችሁ በጣም ጥሩ። ሦስት ካላችሁም ከዜሮ ይሻላል።

ትልቁን ድርሻ ለእግር ስጡ። ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ በአንድ እግር ወደ ፊት ተራምዶ ጉልበትን እስከ መሬት ማድረስ፣ ደረጃ መውጣት። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ልምምድ እወዳለሁ። ጫማችሁን በትከሻችሁ ስፋት ከፍታችሁ ቁሙ። ጉልበታችሁን በጥቂቱ እጠፉ። ዳሌያችሁን ወደ ኋላ ግፉና ከወገባችሁ ወደ ፊት አዘንብሉ። ክርናችሁን ወደ ጎን አውጡና መሪ እንደያዛችሁ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ግን ጣቶቻችሁ ይፈቱ። እንዲህ ሆናችሁ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። አንደኛው ደቂቃ ላይ ጭናችሁ ይቃጠላል። ይህ አቋም ኋላ ሞተሩ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትኖሩበት ቤት ነው። ሦስት ደቂቃ ያለ ችግር ከቆማችሁ ተዘጋጅታችኋል ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ጀርባና ሆድ። ፕላንክ፣ በጎን ፕላንክ፣ ክብደትን ጀርባ ሳይጎብጥ ከመሬት ማንሳት። የመጨረሻው የሚጠቅመው ለመንዳት ብቻ አይደለም። የወደቀ ሞተር የሚነሳው በዚህ ነው። ሞተር ደግሞ ይወድቃል።

ለትንፋሽ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰው ጋር እያወራችሁ በምትችሉት ፍጥነት ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ሩጡ ወይም ሳይክል ንዱ። አንድ ቀን ደግሞ አጭርና ከባድ ይሁን፦ አንድ ደቂቃ በሙሉ ኃይል፣ ሁለት ደቂቃ በቀስታ፣ ስምንት ጊዜ። ኮረኮንች ላይ የሚገጥማችሁ ይኸው ነው፤ ድንገት ይከብዳል፣ ከዚያ ለቀቅ ያደርጋል።

የእጅ መጭመቂያ ስፕሪንግስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። እኔም ገዝቻለሁ። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን የተሳሳተውን ሠራተኛ ነው የሚያጠነክረው። ይልቅ አግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት ትከሻንም አብሮ ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ልክ የሆነ ሞተር

እዚህ ላይ ኩራት ብዙ ሰው ያስከፍላል። 450 ሲሲ የውድድር ሞተር ለጀማሪ አይሆንም። ነጥብ። ነዳጅ በጥቂቱ ሲነካ ይፈናጠራል፤ የደነገጠ ሰው መሪውን ይስባል፤ ሲስብ ነዳጁ ይጨምራል። የዚህን ዑደት መጨረሻ መገመት አይከብድም። ከ125 እስከ 250 ሲሲ ያለ፣ ባለ አራት ምት፣ ለስለስ ብሎ የሚነሳ ሞተር ይበቃል። እሱ ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው ትልቁ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ጥሎት ይሄዳል።

ቁመት ሌላው ጉዳይ ነው። የሙሉ መጠን ሞቶክሮስ መቀመጫ ከመሬት 95 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቁመታችሁ አጠር ካለ ሁለት እግር አይደርስም፤ ቢያንስ የአንዱ እግር የፊት መዳፍ አጥብቆ መሬት ይርገጥ። ይህ ካልሆነ ዝቅ ያለ ሞተር ፈልጉ።

ከዚያ ሞተሩን ለሰውነታችሁ አስተካክሉት። ሰዉ ይህን ይዘለዋል፤ ግማሹ የእጅ ሕመም ግን የሚመጣው ከዚህ ነው። እግር ማረፊያው ላይ ቁሙና ጣቶቻችሁን ፍሬንና ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው የግራ እጅ እጀታ) ላይ አሳርፉ። አንጓችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም ካልተቀለበሰ፣ ክንዳችሁና የእጃችሁ ጀርባ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ ልክ ነው። አለበለዚያ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን እጀታ ብሎን ላላ አድርጋችሁ አዙሩ። ፍሪሲዮኑ በአንድ ወይም በሁለት ጣት እንዲሳብ ወደ ውስጥ አስጠጉት። ቀሪዎቹ ጣቶች መሪውን ይዘው መቅረት አለባቸው።

የኋላው ሞላ ደግሞ ትክክለኛ መሆኑ የሚታወቀው እናንተ ትጥቃችሁን ለብሳችሁ ስትቀመጡበት ነው። ሙሉ መጠን ባለው ሞተር ከ95 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። ብዙ ከሰመጠ ወይም ጭራሽ ዝቅ ካላለ ሞላው የተሠራው ለሌላ ሰው ክብደት ነው ማለት ነው። የጎማ አየር ለአብዛኛው መሬት ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ ነው። ድንጋይ ከበዛ ወደ ላይኛው፣ አሸዋና ጭቃ ከሆነ ወደ ታችኛው አስጠጉ። በጣም ካጎደላችሁት ድንጋይ ስትመቱ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል።

ደረጃ 3፦ ትጥቅ

ባጭሩ ልለፈው። ሄልሜት፣ መነጽር፣ ጓንት፣ የደረትና የጀርባ መከላከያ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠንካራ ቡት። ገንዘብ ካጠረ ከልብሱ ማጌጫ ቀንሱ፤ ከሄልሜትና ከቡት አትቀንሱ። አንድ ጊዜ በደንብ የተመታ ሄልሜት ውጪው ቢያምርም ውስጡ ሥራውን ጨርሷል፤ ይቀየራል። አዲስ ቡት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ እንደ እንጨት ነው፤ ማርሹን እንኳ አይሰማችሁም። ቤት ውስጥ አድርጋችሁት ተንቀሳቀሱ። ጎረቤት ይሳቅ።

ደረጃ 4፦ ሞተሩ ሳይነሳ መቆም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ሞተሩን ማቆሚያው ላይ አድርጉት ወይም ሰው ከፊት ይያዝላችሁ። እግር ማረፊያው ላይ ውጡና ቁሙ። የእግራችሁ የፊት መዳፍ ማረፊያው ላይ ይሁን፤ ተረከዛችሁ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ሻንሲውን ይንካ። ጉልበታችሁ እጥፍ ብሎ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) በሁለት ጎን ይጠጋ። አጥብቃችሁ ሁልጊዜ አትጭመቁ፤ እንቁላል በጉልበታችሁ እንደያዛችሁ ይሁን። መሬቱ ሲከፋ ያኔ ጨምቁ። ዳሌ ወደ ኋላ፣ ደረት ወደ ፊት፣ ጀርባ ቀጥ። ክርን ወደ ውጪ። አገጭ ከመሪው በላይ። ዓይን ሩቅ።

አሁን ፈተናው ይመጣል። ሁለቱን እጆቻችሁን ከመሪው ልቀቁ።

ወደ ፊት ከወደቃችሁ ክብደታችሁ እጃችሁ ላይ ነበር። ወደ ኋላ ከሄዳችሁ መሪውን ይዛችሁ ተንጠልጥላችሁ ነበር። ሳትወድቁ እዚያው ከቆማችሁ እግራችሁ ይዟችኋል። ዳሌያችሁን ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያደረጋችሁ ያንን ነጥብ ፈልጉት። እስክታገኙት ሃያ ጊዜ ሞክሩ። ነጥቡ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ ከእግራችሁ ሥር ሊያመልጥ ስለሚል ወደ ፊት ታዘነብላላችሁ፤ ፍሬን ስትይዙ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ሙያው ሁሉ ያቺን ነጥብ እየተከተሉ መደነስ ነው። መደነስ የምለው ለማሳመር አይደለም። በጎን ቆማችሁ ጎበዝ ነጂ ብታዩ ሞተሩ ሲወራጭ ጭንቅላቱ በአንድ መስመር ይሄዳል። ከወገብ በታች ግን ሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

የነዳጅ እጀታው አያያዝም እዚሁ ይስተካከል። ቀጥ ብላችሁ እንደ ዱላ አትያዙት። ክብ የበር እጀታ ስትከፍቱ እንደምታደርጉት እጃችሁን ሰያፍ አድርጋችሁ ከላይ ያዙት። እንዲህ ሲሆን ነዳጅ ለመስጠት ስትጠመዝዙ ክርናችሁ አይወድቅም። ክርን ከወደቀ ትከሻ ይወድቃል፤ ትከሻ ሲወድቅ ደግሞ መጀመሪያ ያልኩት አንቆ መያዝ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ሰዓት

ሜዳ የሆነ፣ ለመንዳት የተፈቀደ፣ ለስላሳ አፈር ያለው ቦታ ይሁን። ብቻችሁን አትሂዱ። ሦስት ብትሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሌላው እርዳታ ይጠራል።

መጀመሪያ ፍሪሲዮን። በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁና ሞተሩ መሳብ የሚጀምርበትን ቦታ በጣታችሁ ለዩት። ሁለት ሜትር ሂዱ፣ ቁሙ። ደግሞ ሁለት ሜትር። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን ኋላ ዳገት መካከል ሞተሩን ከመጥፋት የሚያድነው ያ ጣት ነው።

ከዚያ ፍሬን። የኋላውን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ጎማው ሲንሸራተት ምን እንደሚመስል አውቁት፤ አያስደነግጥም። የፊተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቁ የማቆም ኃይል ያለው እሱ ጋ ነው፣ የሚጥለውም እሱ ነው። በአንድ ጣት፣ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ፣ መሪው ቀጥ ባለበት ሰዓት ብቻ። መሪ ታጥፎ የፊት ፍሬን የሳበ ሰው መሬቱን በቅርብ ያየዋል።

ቀጥሎ ቆማችሁ በዝግታ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ሥሩ። የእግር ጉዞ በሚመስል ፍጥነት። በፍጥነት መንዳት ከዚህ ይቀላል፤ ምክንያቱም ፍጥነት ስህተትን ይደብቃል፣ ዝግታ ያጋልጣል።

በአሥራ አምስት፣ ግፋ ቢል በሃያ ደቂቃ ውረዱ። አሥር ደቂቃ ዕረፉ። አልደከመኝም ብትሉም ውረዱ። የመጀመሪያ ቀን ጉዳቶች የሚበዙት «አንድ የመጨረሻ ዙር» ላይ ነው። የኔም እዚያው ነበር፤ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት እስካሁን ሙሉ በሙሉ አትታጠፍም።

ክንድ ሲያብጥና ሲጠጥር

ይህ የደረጃ ቁጥር የለውም፤ መቼም ሊመጣ ይችላል። ክንዳችሁ ከክርን እስከ አንጓ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ጣታችሁ ይደነዝዛል። ፍሬን መሳብ ያቅታችኋል፤ አደጋውም እዚህ ጋ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የክንድ ጡንቻዎች እምብዛም በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልለዋል። አጥብቃችሁ ስትይዙ ደም ወደ ጡንቻው ይገባል፣ ጡንቻው ያብጣል። ሽፋኑ ግን ቦታ አይለቅም። ግፊቱ ሲጨምር ደሙ መውጫ ያጣል። ባሰ ቁጥር ጥንካሬያችሁ ይቀንሳል፤ ጥንካሬ ሲቀንስ ደግሞ ሰው የበለጠ አጥብቆ ይይዛል። በአስፋልት ውድድር የታወቀው ዳኒ ፔድሮሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ ችግር ቀዶ ሕክምና አድርጓል። እንግዲህ የዓለም ምርጦችንም አይምርም።

እናንተ ግን ቀዶ ሕክምና ከማሰባችሁ በፊት መንስኤውን ፈልጉ። ጉልበታችሁ ሰልባትዮውን ይዟል? አንጓችሁ ቀጥ ብሏል? ሞላው ጠጥሮ ንዝረቱን ሁሉ ወደ መሪው እየላከ ነው? እጀታው ለመዳፋችሁ ወፍራም ወይም ቀጭን ነው? ከመነሳታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ሰውነታችሁን አሙቁ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በግማሽ ፍጥነት ንዱ። ቀጥ ያለና ለስላሳ ቦታ ስትደርሱ ፍጥነት ቀንሱና ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ አንቀሳቅሱ።

ትንፋሽም አለ። ሰው ሲፈራ ትንፋሹን እንደያዘ አያውቅም። እኔ ሄልሜቴ ውስጥ እዘፍናለሁ። ድምፄ ለማንም የሚሰማ አይደለም፣ ተመስገን። የሚዘፍን ሰው ግን ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ዘፈኑ ድንገት ከቆመ ፈርቻለሁ ማለት ነው፤ ያኔ ነዳጅ እቀንሳለሁ።

ደረጃ 6፦ መታጠፍ

ፍሬኑ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ያልቃል። ከዚያ ቁጭ በሉ፤ ግን ወደ ፊት ተጠግታችሁ፣ ሰልባትዮው ሥር። በውስጥ በኩል ያለው እግር ወደ ፊት ጎማው አቅጣጫ ይዘርጋ፣ ጣቶቹ ወደ ላይ ይሁኑ። ያ እግር ሞተሩን የሚደግፍ ምርኩዝ አይደለም። መሬት ላይ አጥብቃችሁ ከተከላችሁት ጉልበታችሁን ይጠመዝዘዋል። ሥራው ክብደትን ወደ ፊት ማምጣት ነው።

ሞተሩን አዘንብሉት፤ እናንተ ግን ቀና በሉ። የውጪውን እግር ማረፊያ አጥብቃችሁ ወደ ታች ግፉት፤ ጎማው መሬቱን የሚቧጥጠው በዚህ ግፊት ነው። የውጪው ክርን ከፍ ይበል። ዓይን ከመታጠፊያው መውጫ ላይ ይሁን። ሞተር ዓይን ወደሄደበት ይሄዳል። ድንጋዩን ካያችሁ ድንጋዩን ትመታላችሁ፤ ይህን በራሴ ላይ ደጋግሜ አረጋግጫለሁ።

ደረጃ 7፦ ዳገትና ቁልቁለት

ዳገት የሚወጣው ከሥሩ ነው። ቆማችሁ መስመሩን እዩ፣ ማርሹን ምረጡ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ይሆናል። ሩጫችሁን ከታች ያዙ። ደረታችሁ ወደ መሪው ይሂድ፣ ነዳጁ ሳይቆራረጥ ይሰጥ። ኋላ ጎማው መንሸራተት ከጀመረ ብዙ ነዳጅ ከመስጠት ይልቅ ትንሽ ቀንሱና መሬት እንዲይዝ ጊዜ ስጡት።

መካከል ላይ ቢቆምስ? የሚያስፈራው እሱ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በትንሽ ዳገት ሆን ብላችሁ ተለማመዱት። የፊት ፍሬኑን ያዙ። ሞተሩ ከጠፋ ማርሽ ውስጥ እንደሆነ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፤ የኋላ ጎማው ይቆለፋል። የፊት ፍሬን ብቻውን አይበቃም፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሄደ የፊት ጎማው እየተንሸራተተ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ዳገቱ በኩል ውረዱና ሞተሩን አስተኙት። ከሞተሩ በታች በፍጹም አትቁሙ። መሪውን ይዛችሁ የፊት ጎማውን ወደ ቁልቁለት ጎትቱ፣ አንሱት፣ ተቀመጡና ውረዱ። ሙሉ ኃይላችሁን የሚጨርስ ሥራ ነው። ዳገት አንዴ ከሳታችሁ ወዲያው አትድገሙ፤ ውኃ ጠጡ።

ቁልቁለት ከዳገት ይቀላል፤ ጭንቅላት ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ዳሌ ወደ ኋላ፣ ጉልበት ይጭመቅ፣ ማርሽ አንደኛ ወይም ሁለተኛ። ፍሪሲዮን አትሳቡ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ። ሁለቱን ፍሬኖች በለሆሳስ። ክንድ አይገተር፤ የተገተረ ክንድ መሪውን ማዞር አይችልም።

ደረጃ 8፦ አሸዋ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ

አሸዋ ላይ መሪው እንደ ዓሣ ይንቀለቀላል። ይንቀልቀል። አጥብቆ መያዝ ያባብሰዋል። ክብደት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ነዳጅ ሳይቋረጥ፤ ፍጥነት ሲገኝ ሞተሩ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ነዳጅ በድንገት መልቀቅ የፊት ጎማውን ያሰምጠዋል። ጭቃ ላይ ሌሎች የቆፈሩት ቦይ ውስጥ ከገባችሁ ከውስጡ ለመውጣት አትታገሉ፤ መውጫውን ሩቅ አይታችሁ ተከተሉት። ድንጋይ ላይ ደግሞ ቀስ ማለት ሳይሆን ለስላሳ መሆን ነው የሚያዋጣው። ጎማው ከድንጋይ ሲነጥር ጉልበት ይታጠፍ፣ ክንድ ይለስልስ።

ደስታው የሚመጣውም እዚህ አካባቢ ነው። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ቀኔ ላይ በዛፍ መካከል የሚጠማዘዝ ቀጭን መንገድ ላይ ነበርኩ። ድንገት ምንም እያሰብኩ እንዳልሆነ ገባኝ። ዕዳ የለም፣ ስልክ የለም፣ ነገ የለም። ቀጣዩ መታጠፊያ ብቻ። ጉልበቴ ሳላዘው ይታጠፋል፣ ጣቴ ሳላዘው ፍሪሲዮኑን ይነካል። ከሄልሜቱ ሥር አፌ ተከፍቶ እስቅ ነበር፤ ያወቅኩት አቧራ ጥርሴ ላይ ሲንቋቋ ነው። ሰው ይህን ሁሉ ድካም ለምን እንደሚወደው ያኔ ገባኝ። ሰውነት ሁሉ የሚሠራበት ሥራ ለጭንቀት ቦታ አይተውም።

ስሙን ካነሳን አይቀር፣ ሞቶክሮስ የሚለው ቃል የፈረንሳይኛው የሞተር ሳይክል ስያሜና አገር አቋራጭ የሚለው ሐሳብ ተዳቅለው የወጣ ነው። ውድድሩ ግን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝ አገር ካምበርሊ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሞተሮች የኋላ ሞላ እንኳ አልነበራቸውም። የነዚያን ሰዎች ወገብ አስቡት።

ደረጃ 9፦ መውደቅና ማንሳት

ትወድቃላችሁ። ቀስ ብላችሁ፣ ቆማችሁ ባላችሁበት ጭምር። እየወደቀ ያለ ሞተር ይዛችሁ ለማዳን አትሞክሩ፤ ልቀቁት። እጃችሁን ዘርግታችሁ መሬት ለመያዝም አትሞክሩ፤ አንጓና የትከሻ አጥንት የሚሰበረው በዚያ ነው። ክንድ ወደ ደረት፣ አገጭ ወደ ታች፣ ተንከባለሉ። ጭንቅላታችሁ ተመትቶ ከዞረባችሁ ወይም ከጨለመባችሁ የዚያ ቀን መንዳት አልቋል፤ «ደህና ነኝ» አይሠራም። ሐኪም ይያችሁ።

ለማንሳት መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ። ተዳፋት ላይ ከሆነ ጎማዎቹ ወደ ቁልቁለቱ እንዲዞሩ አድርጉና ከላይ በኩል ቁሙ፤ ግማሹ ሥራ ተቃለለ። ቁጢጥ በሉ። አንድ እጅ ወደ መሬት የተጠጋውን የመሪ ጫፍ፣ ሌላው ሻንሲውን ወይም የኋላ ፓራፋንጎውን ሥር ይያዝ። ሞተሩን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ። ጀርባ ቀጥ፣ ከዚያ በእግራችሁ ተነሱ። በወገባችሁ ካነሳችሁት በሦስተኛው ውድቀት ላይ ትቆማላችሁ። ወዲያው አትሳፈሩ። ልብ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ቁሙ።

ውኃና ምግብ

ከመንዳታችሁ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ በላብ የወጣ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ነው። ሁለት ኪሎ ከጎደላችሁ በጣም ትንሽ እየጠጣችሁ ነበር። በጀርባ የሚታዘል የውኃ ከረጢት ጥሩ ነው፤ በየዕረፍቱ ጥቂት ጥቂት ጎንጨት። ሙቀት ሲሆን ጨው ያለበት መጠጥ ጨምሩ። ከሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። ሞልቶ የተበላ ሆድ በኮረኮንች ላይ የሚያደርገውን አልነግራችሁም።

ደረጃ 10፦ ከወረዳችሁ በኋላ

ጭኑን፣ ባቱን፣ ዳሌውንና ክንዱን ገና ትኩስ እያለ አፍታቱ። ሕመሙ በማግስቱ፣ አንዳንዴም በሁለተኛው ቀን ይበረታል፤ የተለመደ ነው። የታመመው ምን እንደሆነ ግን ልብ በሉ። ጭንና መቀመጫ ከታመመ በትክክል ነድታችኋል። ክንድና መዳፍ ከታመመ ግን ታግላችኋል።

ሞተሩንም አትርሱት። ጭቃውን እጠቡ፤ ውኃውን በከፍተኛ ግፊት ኩሽኔታዎቹ ላይ አታነጣጥሩ። የአየር ፊልትሮውን አውጡ፣ አጽዱ፣ በፊልትሮ ዘይት አርሱትና መልሱ። አቧራ ያለፈበት ሞተር ዕድሜው አጭር ነው። ሰንሰለቱን ዘይት ቀቡ፤ ብሎኖችን ሁሉ ዳስሱ፤ ንዝረት ያላላቸው አይጠፉም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ቢያንስ ሁለት ቀን ዕረፉ። ከዚያ በየሳምንቱ የመንዳቱን ጊዜ በአምስት ደቂቃ ጨምሩ፤ ፍጥነቱን ገና አትንኩት። መጠኑን የምትለኩት ደግሞ በጠርሙስ ነው። ከሞተሩ እንደወረዳችሁ ጓንታችሁን አውልቁና አዲስ የውኃ ጠርሙስ ክዳን ክፈቱ። በቀላሉ ከተከፈተ አምስቱን ደቂቃ ጨምሩ። ክዳኑ አልከፈት ካላችሁ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና እጃችሁን ከመሪው ለቃችሁ እንደገና ቁሙ።